ከመንጠቆው የወረደው ታፊ

መጋረጃው አራት ሰዓት ላይ መከፈት ነበረበት።

የማሎሪ ቢች ከተማ ሰው የታፊን ቀን የሚጀምረው እንደዚያ ነው። በግንቦት የመጨረሻው ቅዳሜ ጠዋት፣ በባሕሩ ዳር በተዘረጋው የእንጨት መንገድ ላይ፣ በዴትዋይለር ከረሜላ ቤት መስኮት ፊት ይሰበሰባል። ልክ በአራት ሰዓት መጋረጃው ይገለጣል። ሽማግሌው አውጉስት ዴትዋይለር ነጭ ሽርጡን አገልድሞ፣ ገና ያልበረደውን የስኳር ሊጥ በግድግዳው መንጠቆ ላይ እየወረወረ ይጎትታል፤ እንደ ማር ቀልቶ የነበረው ሊጥ በያንዳንዱ ጉተታ እየነጣ ይሄዳል። ከዚያ ታፊ የሚባለው ይህ ከረሜላ ተቆርጦ ይታደላል፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ባንድ ይነፋል፣ ትልቅ ትንሹ ጥርሱ ተጣብቆበት ሲሳሳቅ ይውላል።

በ1961 ግን አራት ሰዓት ዐለፈ፤ አምስት ደቂቃ፣ ዐሥር ደቂቃ ተጨመረበት። መጋረጃው አልተነቃነቀም። የሽማግሌው ልጅ ሮላንድ በጓሮ ዞሮ ሲገባ አባቱን ከመንጠቆው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ አገኘው። ከኋላ ማጅራቱ ላይ ተመትቷል።

አምስት ሰዓት ሳይሞላ የፖሊስ አዛዡ ዱጋን የሟቹን ሚስት በካቴና አሰራት። ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ከአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ መርማሪ ፍሎረንስ ኩዝማ ደረሰች፤ አጭር፣ ደንዳና፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ከውጭ ሕዝቡ «አውጧት! የፊላደልፊያዋን አውጧት!» እያለ ይጮኻል።

ዱጋን ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል።

«ማን ጠራሽ?» አላት።

«አለቃዬ።»

«ለአለቃሽ ነገሩ ዐልቋል በይው። ሚስትየው ናት። ሰባት ሰዓት ላይ ሰልፉ ዐልፎ መንገዱ ሲከፈት ወደ ወህኒ እልካታለሁ። በዚህ ግዛት ባሏን የገደለች ሴት የምትቀመጥበት ወንበር በኤሌክትሪክ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ።»

«እንግዲያው አንድ ሰዓት አለኝ ማለት ነው» አለች ፍሎረንስ። «ከዚያም ላይ አንዱን ደቂቃ በልተውብኛል። ወጥ ቤቱ የት ነው?»

«ከረሜላ የሚሠራበት ነው እንጂ ወጥ ቤት አይባልም።»

«ሰው የተገደለበትን ነው የጠየቅሁዎት።»

ዱጋን እየተነጫነጨ መራት።

ክፍሉ ጠባብና ወበቃም ነበር። ሬሳው ገና አልተነሣም። ፍሎረንስ ተንበርክካ የሽማግሌውን እጆች አየች። መዳፎቹ በቅቤ ወዝተዋል፤ ሌላ ምንም የለባቸውም። ከመንጠቆው አጠገብ አንድ ሳሕን ቅቤ ተቀምጧል። መንጠቆው ግን ባዶ ነው። ታፊው ከእምነ በረዱ ጠረጴዛ ላይ፣ እንደ ብርድ ልብስ ሦስት ጊዜ ተጣጥፎ ተኝቷል፤ ግማሹ ነጥቷል፣ ግማሹ ገና ማር ይመስላል። በዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ወፍራም የእንጨት ማማሰያ በውሃ ተነክሯል።

«የተመታው በዚያ ነው» አለ ዱጋን። «ሐኪሙ አይቶታል። ጊዜው ከሦስት እስከ ሦስት ተኩል ነው ብሏል።»

ፍሎረንስ የታፊውን ጠርዝ በእርሳሷ ቀና አደረገችው። ከሥሩ በእምነ በረዱ ላይ ስስ ነጭ ዱቄት፣ እንደ ወንፊት ሥራ እኩል ተነስንሷል።

«ስታርች ነው፤ የበቆሎው ብናኝ» አለ ዱጋን፣ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «ጣሳው ከማጠቢያው በላይ መደርደሪያ ላይ አለ። የሷ ነው። ለሽማግሌው ጨጓራ ገንፎ ነገር የምታበጅበት። አውጉስት ስታርችን ከአይጥ መርዝ አይለይም ነበር፤ ታፊው እንዳይጣበቅበት የሚሠራው በቅቤ ብቻ ነው። በዚህ ቤት ከሷ በቀር ስታርች የሚነካ የለም። ዐለቀ!»

ፍሎረንስ ወንበር ላይ ወጥታ ጣሳውን ሳትነካ አየችው። ክዳኑ በደንብ ተገጥሟል። በክዳኑ ላይ አራት የጣት ዐሻራዎች ያብረቀርቃሉ። አሸተተቻቸው፤ ቅቤ ነው።

«ይህን የስታርች ነገር ለማን ነግረዋል?»

«ለማንም። ለፍርድ ቤት ነው ያስቀመጥኩት።»

«ለማንም አይንገሩ። ዐሻራውን ለማመሳከር እስከ ነገ ጊዜ ይስጡኝ።»

«ነገ እሑድ ነው። ሰባት ሰዓት አልኩሽ።»

በመጋረጃው ሥር፣ በጨርቅ የተሸፈነ ሰሌዳ ተደግፏል። ፍሎረንስ ጨርቁን ገለጠችው። «ከሰኞ ጀምሮ ተዘግቷል። ለሠላሳ አምስት ዓመት ደንበኝነታችሁ እናመሰግናለን። አ. ዴትዋይለር» ይላል። ዱጋን አፉ ተከፈተ፤ ሲያየው የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

ማቪስ ዴትዋይለር ፎቅ ላይ፣ በመኝታ ቤቷ፣ አንድ እጇ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሮ ተቀምጣለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አውጉስት ያገባት ከዐሥራ አራት ወር በፊት፣ በፊላደልፊያ አንድ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሳለች ነው። ከተማው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን አንድ ጊዜ ጠርቶ አያውቅም።

«አንቺም ልትሰድቢኝ ነው የመጣሽው?» አለች።

«ልጠይቅሽ ነው። ባልሽን ዛሬ መቼ አየሽው?»

«ሁለት ተኩል ላይ ቁርሱን አወረድኩለት። ጎላውን እያማሰለ ነበር። ከዚያ ወደዚህ ወጣሁ፤ ሮላንድ እስኪጮኽ አልወረድኩም። ምስክር እንዳለኝ አትጠይቂኝ፤ በዚህ ከተማ ድመት እንኳ ቤቴ አይመጣም።»

«ሰሌዳውን አይቼዋለሁ።»

ማቪስ ዐይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። «ወደ ፍሎሪዳ ልንሄድ ነበር። ጉልበቱ አልቻለም። ለሕዝቡ አራት ሰዓት ላይ፣ ለሮላንድም ያኔውኑ ሊነግር ነበር፤ ሰው ፊት አይጮኽብኝም ብሎ። ለሂልዳ ግን ‘ቀድሜ ጠዋት ልንገራት’ አለ። ከሷ ጋር ከመነጋገር ጥርሴ ቢነቀል ይሻለኛል ይል ነበር።»

«ሂልዳ ማናት?»

«ሂልዳ ቫን ሳንት። የሱ ቀኝ እጅ ናት። ከሱ በቀር መንጠቆውን የምትነካ እሷ ብቻ ናት። ለእኔ ‘እንደምን አደርሽ’ ብላኝ አታውቅም።»

«ስትወርጂ ታፊው ከእምነ በረዱ ላይ ነበር። አየሽው?»

«አየሁት። ምን ሆነ?»

«እዚያ መሆኑ አልገረመሽም?»

«ለምን ይገርመኛል? እዚያ አይደለም እንዴ የሚቀመጠው?»

ፍሎረንስ መልሱን ቃል በቃል ጻፈችው። «ዐሥራ አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጎትተሽ አታውቂም?»

«እኔ? ሽታው ራሱ ያቅለሸልሸኛል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እባክሽ ይህን ለውጭዎቹ እንዳትነግሪያቸው። በሱ ብቻ ይሰቅሉኛል።»

ሮላንድ ዴትዋይለር የባንድ ልብሱን እንደለበሰ ከቤቱ ደጃፍ ቆሞ ነበር። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ በሁለተኛው መንገድ ላይ የብረታ ብረት ሱቅ አለው።

«ምን ትዞሪያለሽ?» አለ። «ገዳይዋ ፎቅ ላይ ናት።»

«ከሦስት እስከ ሦስት ተኩል የት ነበርክ?»

«ከባንዱ ጋር ቱባ እየነፋሁ! ያን የሚያህል ጡሩምባ ታቅፎ መደበቅ ይቻላል?»

«ባንዱ ሦስት ሰዓት ከዐሥር ላይ ሩብ ሰዓት ዐርፏል።»

ሮላንድ ጥርሱን ነከሰ። «ከእንጨቱ መንገድ ሥር ወርጄ ሲጋራ አጨስኩ። ብቻዬን። አሁን እኔን ልታስሪ ነው? አባቴ ነው እኮ የሞተው!»

«መንጠቆውን ትችልበታለህ?»

«ከዐሥራ ሁለት ዓመቴ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።» የግራ እጁን ዘረጋላት፤ ጀርባው በአሮጌ ቃጠሎ ተጨማዷል። «ትኩስ ስኳር ነው። ‘የዴትዋይለር ልጅ አያለቅስም’ አለኝ አባቴ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታፊ ጠላሁ። አሁን በቃሽ?»

«ለጊዜው።»

ከመንገዱ ማዶ፣ በእንጨት መድረኩ ላይ፣ የአውጉስት የሠላሳ ዓመት ባላንጣ ባርኒ ሊፒንኮት ማይክሮፎን አንቆ ይዟል። የራሱ ከረሜላ ቤት ከኋላው ነው፤ ዘንድሮ የበዓሉ ሊቀ መንበርም እሱ ነው። ፍሎረንስን ሲያይ ማይክሮፎኑን በመዳፉ ሸፈነ።

«በኔ ላይ ጊዜሽን አታጥፊ። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በዚህ ነገር ሳላቋርጥ ስለፈልፍ ነበር። ሁለት መቶ ሰው ሰምቶኛል፤ ግማሹም ዝም በል ብሎኛል።»

«አውጉስትን ይጠሉት ነበር ይባላል።»

«እጠላው ነበር እንጂ! በቅቤ የሚሠራ ታፊ ሳምንት ሳይቆይ ይሸታል። ጨዋ ሰው እጁን ደረቅ አድርጎ በስታርች ነው የሚሠራው። በኔ ቤት ቅቤ የነካ እጅ መንጠቆ አይነካም፤ አባርረዋለሁ። ይህን ሠላሳ ዓመት ነገርኩት። ‘ስታርች ለሸሚዝ ኮሌታ ነው’ ይለኛል፣ ደደብ!» ድንገት ዝም አለና አፍንጫውን ጠራረገ። «አሁን ከማን ጋር ልጣላ?»

«ሂልዳ ቫን ሳንትን ያውቋታል?»

«ያስተማርኳት ማን ሆነና! በዐሥራ አምስት ዓመቷ መጥታ ሃያ ዓመት በኔ መንጠቆ ጎትታለች። እንደሷ ያለ እጅ በዚህ ጠረፍ አልተፈጠረም። አውጉስት ‘እኔ ስሄድ መንጠቆው ያንቺ ነው’ ብሎ ነጠቀኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ዛሬም ሰላም አልላትም።»

«እሷስ?»

«እሷማ በቅቤ ትሠራለች!» አለ ሊፒንኮት፣ ሃይማኖት ቀየረች የሚል ይመስል።

ሂልዳ ቫን ሳንት ከቤቱ ጎን በተዘረጋው ረዥም ጠረጴዛ ላይ ታፊ ትጠቀልላለች፤ ትናንት የተሠራውን ነው። ጣቶቿ ወረቀቱን ግራና ቀኝ ሲጠመዝዙት ዐይን አይከተላቸውም። ከጎኗ ጎረቤቷ ወይዘሮ ፕረንቲስ በግማሽ ፍጥነት ትረዳታለች።

«ሚስ ቫን ሳንት?»

«እጄ ሥራ ላይ ነው።»

«ጆሮዎ ግን ነጻ ነው። ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ።»

«ሂልዳ፣ ወረቀት ልታመጪ ሄደሽ አልነበር?» አለች ወይዘሮ ፕረንቲስ። «ባንዱ ያረፈ ጊዜ። እንዲያውም ቆየሽብኝ።»

«እና? ወረቀቱ እየተራመደ ይምጣ?» ሂልዳ ቀና ሳትል መለሰች። «መጋዘኑ ጓሮ ነው። ሄድኩ፣ አመጣሁ።»

«የጓሮው በር ከመጋዘኑ ጎን ነው። አውጉስትን አላዩትም?»

«አላየሁም።»

«ስለ ሰኞ አላነጋገረዎትም?»

ጣቶቿ ለአንድ ወረቀት ያህል ቆሙ።

«ሰኞ ምን አለ?» አለች፤ ጣቶቿም ቀጠሉ። «ፖሊሷ፣ የምትበዪ ከሆነ አንድ አንሺ። የማትበዪ ከሆነ ብርሃን አትከልክዪኝ።»

ፍሎረንስ ወደ ሊፒንኮት ተመለሰች። የጠየቀችው ነገር ሊፒንኮትን ከማይክሮፎኑ አራቀው።

«ከኔ ጎላ የወጣ ታፊ በአውጉስት መንጠቆ ላይ? ሞቼ!»

«አንዲት ሴት ወደ ኤሌክትሪክ ወንበር ልትላክ ነው፣ ሚስተር ሊፒንኮት። በትክክል ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የርስዎ ታፊ ብቻ ነው።»

ሊፒንኮት ብዙ አጉረመረመ። ቢሆንም ሄደ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ሁሉም በዚያች ጠባብ ክፍል ተሰበሰቡ። ሬሳው ተወስዷል። ማቪስ በሁለት እጇ ካቴና ታስራ በመንጠቆው ቀኝ፣ ሮላንድ ደረቱ ላይ እጁን አጣምሮ በግራ፣ ሂልዳ ከእምነ በረዱ አጠገብ ቆሙ። ዱጋን ሰዓቱን እያየ በሩን ደግፏል። ሊፒንኮት ትኩሱን ሊጥ ከመንጠቆው ላይ ሰቀለ፤ ፍሎረንስ ወዲያው ክንዱን ይዛ ከዱጋን ጎን አቆመችው። በጠረጴዛው ላይ የቅቤው ሳሕን አለ፤ ከጎኑም ፍሎረንስ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ የገዛችው አዲስ የስታርች ጣሳ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል።

«የጠራኋችሁ ሰዓቶችን ለማስተካከል ነው» አለች ፍሎረንስ፣ ማስታወሻዋን ገልጣ። «ሮላንድ፣ ባንዱ ስንት ሰዓት ዐረፈ?»

«ነግሬሻለሁ!»

«ድገምልኝ።»

«ሦስት ሰዓት ከዐሥር!»

ታፊው ከመንጠቆው ላይ ቀስ ብሎ መርዘም ጀመረ።

«ከዚያ በፊት ምን ምን ተጫወታችሁ?»

«ይሄ ከምኑ ጋር ይገናኛል?» አለ ሮላንድ። «አንቺ ሴትዮ ጤነኛ ነሽ? ገዳይዋ አጠገብሽ ቆማ...»

«አባትህን የገደልከውስ አንተ ነህ፤ በኩርፊያ» አለች ማቪስ። «አንድ እሑድ እንኳ ልትጠይቀው አልመጣህም።»

«አንቺ ባለሽበት ቤት?»

ታፊው እስከ ወገብ ደረሰ። እየቀጠነ፣ በራሱ ክብደት ወደ ታች እየተጎተተ ነው። ሮላንድ አየት አድርጎት ፊቱን መለሰ። ማቪስ ጫማዋ እንዳይነካባት እግሯን ሰበሰበች።

«ሴትዮ፣ ታፊው!» አለ ሊፒንኮት ከበሩ፤ ወደፊት ሊራመድ ሲል ፍሎረንስ በክንዷ አገደችው።

«ይቆዩ። ወይዘሮ ዴትዋይለር፣ ቁርሱ ምን ነበር?»

«እንቁላል።»

«ስንት?»

ታፊው ከወለሉ አንድ ስንዝር ቀረው። ሂልዳ ከእምነ በረዱ አጠገብ ዘላ መጣች።

«እናንተ ደንቆሮዎች!» ብላ ጮኸች። «መሬት ሊነካ ነው እኮ! ዐይን የላችሁም?»

እጆቿ በአንድ እንቅስቃሴ ቅቤው ውስጥ ገብተው ወጡ። ታፊውን ከሥሩ ጠልፋ በግራ ክንዷ ላይ ሰበሰበችው፣ ከመንጠቆው አላቀቀችው። ክብደቱ አጎበጣት። ቀኝ እጇ ጣሳው ውስጥ ጠለቀ፣ እፍኝ ዱቄት በእምነ በረዱ ላይ በተነ፣ በመዳፏ ጠርዝ አንድ ጊዜ አዳረሰው። ታፊውን አስተኛችው። ሦስት ጊዜ አጣጠፈችው።

ከውጭ የባንዱ ድምፅ ይሰማል።

«በስታርች» አለ ሊፒንኮት በለሆሳስ። «የኔ ተማሪ።»

«አመሰግናለሁ፣ ሚስ ቫን ሳንት» አለች ፍሎረንስ። ማስታወሻዋን ዘጋች። «አዛዥ፣ አሁን ልንገርዎት። እዚህ ስገባ መንጠቆው ባዶ ነበር። ታፊው ግማሹ ብቻ ነጥቷል። አውጉስት ገና እየጎተተ ነበር ማለት ነው፤ የተመታውም ታፊው መንጠቆው ላይ እያለ ነው። ታፊ በመንጠቆ ላይ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆን አሁን አይታችኋል። ወለሉ ላይ መፍሰስ ነበረበት። አልፈሰሰም። ሽማግሌው ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው አውርዶ በክብር አስተኝቶታል።»

«ራሱ አውጉስት አስቀምጦት እንደሆነስ?» አለ ዱጋን።

«በስታርች ላይ? በእጁ የነበረው ቅቤ ብቻ ነው፤ ብናኝ ዱቄት አልነበረበትም። አሁን ማን አወረደው ብለን እንጠይቅ። ሰው ገድሎ፣ ያውም ደጁ በሕዝብ ተሞልቶ፣ ከረሜላ እንዳይበላሽ የሚጨነቅ ማን ነው? ወይዘሮ ዴትዋይለር አይደለችም። ‘እዚያ አይደለም እንዴ የሚቀመጠው?’ ብላኛለች። አሁንም ታፊው ሲወርድ ያሳሰባት ጫማዋ ነው። ሮላንድም አይደለም፤ ሲወርድ አይቶ ፊቱን አዞረ። ታፊውን ለማዳን የተነሡት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

«እኔ መድረክ ላይ ነበርኩ!» አለ ሊፒንኮት።

«አውቃለሁ፣ ሁለት መቶ ሰው ሰምቶዎታል። ባይሰማም ግን እርስዎ ሊሆኑ አይችሉም። በስታርቹ ጣሳ ክዳን ላይ ያለው ዐሻራ የቅቤ ነው። በርስዎ ቤት ቅቤ የነካ እጅ ይባረራል። እጁን ቅቤ የሚቀባ የዴትዋይለር ሰው ነው። እምነ በረዱን ስታርች የሚያለብስ የሊፒንኮት ሰው ነው። ሁለቱንም የሆነ አንድ ሰው ብቻ አለ።»

«ውሸት ነው» አለች ሂልዳ። «እኔ ስታርች? ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታርች ነክቼ...»

ወደ እጆቿ አየች። ቀኙ እስከ አንጓው ነጭ ነበር።

ፍሎረንስ አላቻኮለቻትም።

«እምነ በረዱን ቅቤ ለመቀባት ሁለት እጅ ያስፈልጋል» አለች ሂልዳ በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምታስረዳ። «ክንድሽ ሲሞላ አትችዪም። ስታርች አንድ እፍኝ ነው።» ከዚያ ቀና አለች፤ ፊቷ ላይ ከንዴት በቀር ምንም አልነበረም። «ሰኞ መንጠቆውን ይነቅሉታል አለኝ። ሰኞ! እየሳቀ ነው የነገረኝ። ‘አንቺም እኮ ዕረፊ፣ ሂልዳ’ አለ። የኔ እንዲሆን ቃል የገባልኝን መንጠቆ። ለማን ብሎ? ለዚህች አስተናጋጅ። ማማሰያው እጄ ላይ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደቀ። ታፊው መውረድ ጀመረ።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ምን ላድርግ? ይፍሰስ?»

«ማማሰያውንስ ውሃ ውስጥ የነከሩት ዐሻራዎን ለማጥፋት ነው?» አለች ፍሎረንስ።

ሂልዳ በንቀት አየቻት። «ስኳር ከደረቀበት አይለቅም።»

«እኔስ?» አለች ማቪስ። «እኔን ሲያስሩኝ ከመስኮቱ ሥር ቆመሽ ታዪ ነበር። ዝም ብለሽ ልታስገድዪኝ ነበር?»

«አንቺማ» አለች ሂልዳ፣ «ታፊ እንኳ አትወጂም።»

ዱጋን ሰዓቱን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ካቴናውን ከማቪስ እጅ ሲፈታ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሳተው። በሂልዳ እጅ ላይ ሲያስገባው ቅቤና ስታርቹ ብረቱን አጨማለቀው። ሊፒንኮት መሐረቡን አውጥቶ የሂልዳን ጣቶች አንድ በአንድ ጠረገላት።

«የጓሮው በር ክፍት ነው» አለ ዱጋን ማቪስን ሳያያት። «መኪና አዝዝልሻለሁ። የፊላደልፊያው ባቡር ስምንት ሰዓት ላይ አለ። ሕዝቡ ገና ምንም አልሰማም፤ ተቆጥቷል። ለራስሽ ስትዪ ነው።»

«ይቅርታ ማለት እንዲህ ነው በናንተ አገር?» አለችው ፍሎረንስ።

ማቪስ አንጓዎቿን አሻሸች። ከወንበሩ ላይ ኮፍያዋን አነሣች፣ የመስኮቱን መስታወት እያየች አስተካከለችው።

«ባሌን የምቀብረው እዚህ ነው» አለች። ወደ ጓሮው አልዞረችም። በባንኮኒው በኩል ዐልፋ ወደ መንገዱ ወደሚያወጣው በር ሄደች። ሮላንድ ቀድሟት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከኋላው በመስታወቱ ውስጥ የሕዝቡ ፊት ይታያል፤ «አውጧት!» የሚለው ጩኸት ክፍሉን ያናውጣል።

«አባቴን ልትወስጂብኝ ነበር» አላት። «ፍሎሪዳ። ሳትነግሩኝ።»

«አዎ።»

«ስለ ገዳይዋ ተሳስቻለሁ። ስለ አንቺ ግን...»

«ዞር በል፣ ሮላንድ።»

ፍሎረንስ ከኋላ ሆና አየቻቸው። በመሐላቸው መግባት ትችል ነበር፤ አልገባችም።

ሮላንድ መጀመሪያ ወደ ሕዝቡ፣ ቀጥሎ ወደ እሷ አየ። ከዚያ ዞር አለ። ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም አልጠበቀችም። በሩን በራሷ እጅ ከፍታ ወደ ጩኸቱ ወጣች።